ባሕር ዛፍና የመዳብ ሽቦ፦ የቤት አንቴና በብቸናና በሞጣ

የቤት አንቴና ሁለት ነገር ነው፤ ሞገዱን የሚቀበለው ወይም የሚረጨው ብረት፣ እሱን ከፍ አድርጎ የሚይዘው ደግሞ ምሰሶ። ብረቱ ከገበያ ይገዛል፤ ምሰሶው ከጓሮ ይቆረጣል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነማይ ወረዳ ብቸናና በሁለት እጁ እነሴ ሞጣ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየው ቀጥ ያለ እንጨት ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የመጣው ይህ ዛፍ ከቤት ቋሚነትና ከአጥርነት አልፎ የአንቴና ተሸካሚም ሆኗል። በየአገሩ ፈቃድ አውጥተው፣ ለትርፍ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለሙከራና ለመገናኘት ሲሉ ከቤታቸው ሬዲዮ የሚያስተላልፉ አማተሮች የሚያቆሙት ምሰሶም ከዚህ ብዙ አይለይም። የሚከብደው ንፋስ፣ የሚያበሰብሰው ውኃና የሚያስፈራው መብረቅ ለሁሉም አንድ ነው።

የአማተር ሬዲዮ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድልድል መሠረት ከኢትዮጵያ የሚነሣ የሬዲዮ ጥሪ በ«ኢ.ቲ.»፣ በ«9 ኢ.» ወይም በ«9 ኤፍ.» ይጀምራል። አሥመራ በኢትዮጵያ ሥር በነበረችበት ጊዜ በቃኘው ጣቢያ ይሠሩ የነበሩ አሜሪካውያን ወታደሮች «ኢ.ቲ. 3 ዩ.ኤስ.ኤ.» የሚባል የአማተር ክበብ ነበራቸው። በኋላ ዘመን በውጭ አገር አማተሮች ዘንድ ስሙ የታወቀው ጣቢያ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ 5 ኪሎ የሚገኘው «ኢ.ቲ. 3 ኤ.ኤ.» ነው። ጣቢያው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ሲሆን፣ የምሕንድስና ተማሪዎች ሞገድን ከመጽሐፍ ባለፈ በእጃቸው የሚማሩበት ቦታ ነው። ከግል ቤት የሚያስተላልፍ ጣቢያ ግን በአገሪቱ ከስንት አንድ ነው። ማስተላለፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማሠራጫ መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ምሰሶ፣ ስለ ሽቦና ስለ መሬት መስመር የሚነገረው ግን ለሚያስተላልፈውም ለሚያዳምጠውም እኩል ይሠራል።

ብቸናና ሞጣ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ወፍ በሚበርበት መስመር 80 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የጮቄ ተራራ ከብቸና በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተደቡብ ተኝቷል። ይህ አቀማመጥ ለሬዲዮ ትልቅ ትርጉም አለው። የኤፍ.ኤም.፣ የቴሌቪዥንና የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ሞገዶች እንደ ብርሃን በቀጥታ መስመር የሚሄዱ ስለሆኑ ተራራ ይጋርዳቸዋል። ለሞጣ ሰው ደብረ ማርቆስ ከጮቄ ማዶ ናት፤ ከዚያ የሚነሣ የኤፍ.ኤም. ሞገድ ተራራውን ጥሶ አይመጣም።

ብዙ ሰው «ምሰሶውን አስረዝመው» የሚለው ለዚህ ነው። ምክሩ በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በሜዳማ መሬት ላይ 12 ሜትር ከፍ ያለ አንቴና 14 ኪሎ ሜትር ገደማ አሻግሮ «ያያል»። ምሰሶው 24 ሜትር ሲሆን ግን ርቀቱ 28 አይሆንም፤ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማል። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ከፍታውን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያን ያህል የሚረዝም እንጨት ደግሞ በግቢ ውስጥ የሚቆም አይደለም። በተራራማ አገር አንቴናውን በግቢው ውስጥ 20 ሜትር ወደ ጎን ማዛወር፣ ወይም ከዛፍ ጥላ ማውጣት፣ 5 ሜትር ከፍ ከማድረግ የተሻለ ውጤት የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት አንቴናውን በአጭር እንጨት ይዞ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ግቢውን ዞሮ ማየት ይበጃል። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ብዙ ድካም ያስቀራል።

አጭር ሞገድ ሌላ መንገድ አለው። ከመሬት በላይ ከ100 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ፀሐይ አየሩን ኤሌክትሪክ ታሸክመዋለች፤ ይህ ንብርብር አዮኖስፌር ይባላል። ከ3 እስከ 10 ሜጋ ኸርዝ ያለ ሞገድ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ሲላክ ከዚያ ነጥሮ እንደ ዝናብ ወደ ታች ይመለሳል፤ ተራራና ገደል አያግደውም። ከአዲስ አበባ አካባቢ በ49 ሜትር ባንድ፣ በ6 ሜጋ ኸርዝ ዙሪያ፣ የሚሠራጭ ጣቢያ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ብቸና ቤት ውስጥ የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው። ብቸናና ሞጣ ላይ ፈቃድ ያላቸው ሁለት አማተሮች ቢኖሩ እርስ በርስ ለመነጋገር የሚሻላቸው ይኸው ነው፤ ቀን በ7 ሜጋ ኸርዝ፣ ማታ በ3.5 ሜጋ ኸርዝ። ለዚህ ሥራ ዝቅ ያለ አንቴና ከረጅሙ ይበልጣል። ከ6 እስከ 10 ሜትር ላይ የተዘረጋ ሽቦ ኃይሉን ወደ ሰማይ አናት ይልካል፤ 20 ሜትር ላይ ከወጣ ግን ኃይሉ ወደ አድማስ ያጋድላል፤ ያ ለናይሮቢና ለአውሮፓ እንጂ ለጎረቤት ወረዳ አይደለም። አንድ መደበኛ ባሕር ዛፍ የሚሰጠው ቁመት ለጎጃም የቅርብ ግንኙነት ልክ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው።

የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ማለፉም እዚህ ላይ ቢነሣ ይገባዋል። በዚህ መስመር ላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ ቀን ቀን ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የመግነጢስ መመልከቻ ጣቢያም፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው በጥንታዊው የቅኔ ቤት ስም የተሰየመው የዋሸራ የጠፈርና የራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራም ይህን የሰማይ ክፍል ያጠናሉ። የጎጃም ሰማይ ለሬዲዮ ተራ ሰማይ አይደለም።

ቀላሉና ርካሹ የአጭር ሞገድ አንቴና ዳይፖል ነው፤ ከመካከሉ ተቆርጦ በሁለት ክንድ የተዘረጋ ሽቦ። ርዝመቱን ለማግኘት 143ን በሜጋ ኸርዝ ቁጥሩ ማካፈል ብቻ ይበቃል፤ ውጤቱ በሜትር ይወጣል። ለ7.1 ሜጋ ኸርዝ 20 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም እያንዳንዱ ክንድ 10 ሜትር ገደማ፤ ለ6.1 ሜጋ ኸርዝ 23 ሜትር ከግማሽ ያህል። ሲቆረጥ ትንሽ ማስረዘም፣ ከተሰቀለ በኋላ እያሳጠሩ ማስተካከል ነው፤ ያጠረ ሽቦ አይረዝምም። ሽቦው የመዳብ ቢሆን ይመረጣል፤ ከተቃጠለ ሞተር የተፈታ የመዳብ ሽቦም ያገለግላል። በሁለቱ ጫፍና በመሐሉ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማያያዣ ይገባል፤ በመብራት መስመር ላይ የሚታየው ዓይነት ትንሽ ስኒ፣ ካልተገኘም ጠንካራ ፕላስቲክ ተቆርጦና ተበስቶ ይሆናል። እንጨት ግን ዝናብ ሲመታው ስለሚያሳልፍ አይሆንም።

ሁለት ምሰሶ ለማቆም ቦታ የሌለው ቤት በአንድ ምሰሶ ይብቃቃል። የዳይፖሉ መሐል ምሰሶው አናት ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ ክንዶች እንደ ድንኳን ገመድ ወደ ግራና ቀኝ ተንጣልለው ይወርዳሉ። ጫፎቻቸው ከመሬት 3 ሜትር መራቅ አለባቸው። በሚያስተላልፍ አንቴና ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ቆዳ ያቃጥላል፤ ለሚያዳምጥ ብቻ ቢሆንም እንኳ ዝቅ ያለ ሽቦ የከብት ቀንድና የልጅ አንገት ይይዛል።

ከአንቴናው ወደ ቤት የሚወርደው ገመድ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚገኘው የዲሽ ኬብል ቢሆን ለማዳመጥ ከበቂ በላይ ነው። የኬብሉ መለኪያ 75 ኦም፣ የዳይፖል የተፈጥሮ መለኪያ ደግሞ ወደ 73 ኦም ስለሆነ ሁለቱ ይስማማሉ። ለማስተላለፍ የሚሠሩ ሬዲዮዎች በ50 ኦም የተቃኙ በመሆናቸው የራሳቸውን ኬብል ይመርጣሉ።

የዲሽ ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ ዲሽ ሰማይ ላይ አንድን ነጥብ ብቻ ይፈልጋል። ከብቸናም ከሞጣም ሲታይ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው የኢትዮሳት ሳተላይት ከምሥራቅ ወደ ደቡብ 28 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለው ናይልሳት ደግሞ ከምዕራብ ወደ ደቡብ 10 ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ 37 ዲግሪ ላይ ነው። ኢትዮሳት ከአናት በላይ ስለሆነ የጎረቤት ቤት አይጋርደውም፤ ናይልሳት ግን በምዕራብ በኩል ያለ ባሕር ዛፍ ሲያድግ ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ሪሲቨሩን ይጠረጥራል። ለኤፍ.ኤም. እንቅፋት የሆነው ጮቄ ለዲሽ እንቅፋት አይደለም፤ ከብቸና ሲታይ ከአድማስ 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የሚነሣው። ለዲሽ ከከፍታ ይልቅ ጽናት ይበልጣል። ቱቦው 2 ዲግሪ ቢንሸራተት ሥዕሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቱቦው በኮንክሪት ተተክሎ በውኃ ልክ ቀጥ ማለት አለበት።

ወደ ምሰሶው እንመለስ። እንጨቱ በበጋ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በጥላ ሥር ለጥቂት ወራት ተጋድሞ መድረቅ አለበት። እርጥቡን የተተከለ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ አቅጣጫ ይዞ የታሰረውን አንቴናም አብሮ ያዞረዋል። ለጉድጓዱ ጥልቀት የመብራትና የስልክ መስመር ሠራተኞች የሚሠሩበት ልክ አለ፤ የእንጨቱ ርዝመት አንድ አሥረኛ ሲደመር 60 ሳንቲ ሜትር። ለ9 ሜትር እንጨት ይህ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ግማሽ ሜትር ቆፍሮ «መወጠሪያው ሽቦ ይይዘዋል» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው።

በብቸና ዙሪያ በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ አፈር ብቻ የተሞላ ጉድጓድ እንጨቱን በሐምሌ ይገፋዋል፣ በጥር ይለቀዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምሰሶው ያጋድላል። ስለዚህ ጉድጓዱ በተፈረፈረ ድንጋይና በጠጠር፣ ንብርብር በንብርብር እየተደለደለ መሞላት አለበት። ውኃው በጠጠሩ ውስጥ ይሰርጋል፤ እንጨቱም ከአፈሩ ጋር አብሮ አይነሣም አይወርድም።

እንጨት የሚበሰብሰው ከሥሩ ጫፍ ይልቅ አፈርና አየር በሚገናኙበት ቀለበት ላይ ነው። ሰዎች ያንን ቦታ በእሳት ይለበልቡታል፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ሬንጅ ይቀቡታል። ሁሉም ዕድሜ ይጨምራል፤ መበስበሱን ግን አያስቀርም። የተሻለው መፍትሔ እንጨቱን ጨርሶ አፈር ውስጥ አለመክተት ነው። ሁለት አጫጭር የብረት ቱቦላሬዎች ጎን ለጎን በኮንክሪት ይተከላሉ፤ የእንጨቱ ግርጌ በመካከላቸው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይገባና በሁለት ብሎን ይታሰራል። የታችኛው ብሎን ሲፈታ እንጨቱ በላይኛው ላይ እንደ ማጠፊያ ዞሮ ይተኛል። ይህ ዘዴ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ይሰጣል፤ ግርጌው አይበሰብስም፣ አንቴና ለመጠገን ሰው መውጣት አያስፈልገውም። በአማተሮች ዓለም ከሚደርሱት ከባድ አደጋዎች አንዱ ከምሰሶ ላይ መውደቅ ነውና፣ ምሰሶው ራሱ እንዲወርድ አድርጎ መሥራት ከማንኛውም ቀበቶ ይበልጣል።

ከ6 ሜትር ያለፈ ምሰሶ መወጠሪያ ሽቦ ያስፈልገዋል። ከሦስት ያነሰ አይሆንም፤ እኩል ተራርቀው በሦስት አቅጣጫ ይወርዳሉ። የሚታሰሩት ከምሰሶው ቁመት ሁለት ሦስተኛ ላይ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ነው፤ ችካላቸው ከግርጌው የሚርቀው ደግሞ ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ፣ ቢቻል ከዚያ በላይ ነው። ችካሉ ግርጌው ላይ ከተጠጋ ሽቦው ምሰሶውን ወደ ታች መጫን እንጂ ወደ ጎን መያዝ አይችልም። በመረሬ አፈር የብረት ችካል በበጋ ስለሚላላ፣ የሚሻለው ክንድ የሚያህል ግንድ ወይም ረዘም ያለ ድንጋይ አንድ ሜትር ያህል ቆፍሮ በአግድም መቅበርና ሽቦውን ከእሱ ላይ ማሰር ነው። ሽቦው ዚንክ የተቀባ ቢሆን ቶሎ አይዝግም፤ የገበያው የፕላስቲክ ገመድ ግን በዚህ ከፍታ ባለው ብርቱ ፀሐይ ቶሎ ይደርቅና እንደ ገለባ ይበጠሳል። የውጥረቱን ልክ በእጅ መለየት ይቻላል፤ ሲነካ ትንሽ መወዛወዝ አለበት፤ እንደ ክራር ጅማት የሚጮህ ከሆነ ከመጠን አልፏል፣ እንጨቱንም ያጎብጠዋል።

ማቆሙ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ጎጃም ደግሞ ለዚህ ደቦ አለው። አንድ ሰው ብቻ ያዝዛል፤ ሌላው ሁሉ የእሱን ድምፅ ይሰማል። ሦስት ሰዎች ሦስቱን ሽቦዎች ይይዛሉ፤ ሁለት ሰዎች ግርጌውን ይጠብቃሉ፤ የቀሩት ያነሣሉ። ሽቦዎቹ ሳይታሰሩ ማንም አይለቅም። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ላይ መታየት አለበት። በከተሞቹ መንገዶች የሚያልፉት የመብራት መስመሮች 220 ቮልት ብቻ አይደሉም፤ በከፍተኛዎቹ ምሰሶዎች ላይ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ይሄዳል፤ ለዚህ ቮልቴጅ እርጥብ እንጨት እንደ ሽቦ ነው። ምሰሶው በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ መስመር የማይነካበት ቦታ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ርቀቱ ከቁመቱ አንድ እጥፍ ተኩል ቢሆን ደኅና ነው። ያን የሚያህል ቦታ የሌለው ግቢ አጭር ምሰሶ ይበቃዋል።

ውኃ ኬብሉን ከውስጥ ይገድለዋል። በመገጣጠሚያው በኩል ጠብታ ከገባ መዳቡ ይጠቁራል፤ ድምፁና ሥዕሉም በክረምት ደክሞ በበጋ ይመለሳል፤ ይህ ምልክት ከታየ በሽታው ኬብሉ ነው። መገጣጠሚያው በናስትሮ ሲጠቀለል ከታች ወደ ላይ መሆን አለበት፤ የሣር ቤት ክዳን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ እንደሚከደነው ሁሉ፣ የላይኛው ዙር በታችኛው ላይ ተደርቦ ውኃውን ወደ ውጭ ይጥላል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ አንድ ዙር መውረድ አለበት፤ ውኃው ከዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ ግድግዳ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የመሬት ሽቦ ነው። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ክረምት ያለ ነጎድጓድ አያልፍም፤ መብረቅም በየዓመቱ ሰውና ከብት ይገድላል። አንድ መብረቅ ብዙውን ጊዜ 30 ሺህ አምፔር ገደማ ይሸከማል። በቀጥታ ምሰሶውን ባይመታ እንኳ፣ በአቅራቢያ የወደቀው በኬብሉ ላይ የሚፈጥረው ቮልቴጅ ሪሲቨሩን ለማቃጠል ይበቃል። ከምሰሶው አናት ወይም ከዲሹ ቱቦ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ወርዶ፣ ከ2 ሜትር በላይ ጠልቆ ከተቀበረ የመዳብ ወይም በመዳብ ከተለበጠ ዘንግ ጋር በጥብቅ ይታሰራል። ሽቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፤ መብረቅ ሹል እጥፋት ላይ ዘሎ ግድግዳ ይገባልና። ይህ ዘንግ ከቤቱ የመብራት መሬት ሽቦ ጋርም ይያያዛል፤ ሁለቱ ተለያይተው ከቀሩ የቮልቴጃቸው ልዩነት የሚፈነዳው በመሣሪያው ውስጥ ነው። እርጥብ መረሬ ኤሌክትሪክን በደንብ ያሳልፋል፤ በበጋ ግን ተሰንጥቆ ከዘንጉ ይርቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የበልግ ነጎድጓድ ከመምጣቱ በፊት ዙሪያውን መደልደልና ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል።

የመሬት ሽቦ ቢኖርም ሰማዩ ሲጠቁር ኬብሉ ከሬዲዮው ተነቅሎ ከቤት ውጭ መጣል አለበት። ነጎድጓዱ ከተሰማ በኋላ ኬብሉን መንካት ግን አደጋ ነው፤ መንቀል ደመናው ገና በጮቄ በኩል ሲሰበሰብ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ከቤት ለሚወጣ ሰው ኬብሉን ነቅሎ መሄድ በር እንደ መቆለፍ ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ጥገናው በዓመት ሁለት ቀን ይወስዳል። በሚያዝያ፣ ከክረምቱ ዝናብ በፊት፣ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ናስትሮው ይታደሳል፣ የመሬት ሽቦው ማያያዣ ተፈትቶ በአሸዋ ወረቀት ይጠረጋል፤ አረንጓዴ የሆነ መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍምና። በጥቅምት፣ አፈሩ መድረቅ ሲጀምር፣ መወጠሪያ ሽቦዎቹ እንደገና ይለካሉ፤ ምሰሶው ከቤቱ ማዕዘን ጋር ታይቶ ማጋደሉ ይፈተሻል፤ ግርጌው አፈር ውስጥ ከሆነ አንድ ስንዝር ተቆፍሮ በቢላ ጫፍ ይወጋል። ቢላው ያለ ጉልበት ከገባ እንጨቱ አብቅቷል።

እንዲህ ያለ እንጨት ላይ ሰው አይወጣም፣ መሰላልም አይደገፍበትም። ሲወርድም በቅድሚያ የሚፈታው አንቴናው ሳይሆን ከመውደቂያው ተቃራኒ ያለው መወጠሪያ ሽቦ ነው፤ እሱም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ ረጅም ገመድ ተቀጥሎበት፣ በቆመ ዛፍ ግንድ ላይ አንድ ዙር ተጠምጥሞ፣ ምሰሶው እስኪተኛ ድረስ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል።